ቁማር ቤቱ የት ይሠራ? ማን ይወስን?

እዚህ እስራኤል ካዚኖ በሕግ የተከለከለ ነው። ዛሬ የማወራላችሁ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ስለሆነው ነው። ጥያቄው ግን እኛንም ይነካል፤ ሰፈራችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ2004 የፔንሲልቬንያ ግዛት የቁማር ማሽን ቤቶችን ፈቀደ። ሕጉ ቦታውን የመወሰን ሥልጣን ከከተሞች ወስዶ ለግዛቱ የቁማር ቦርድ ሰጠ። በ2005 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን አንቀጽ ሻረው፤ ቦርዱ በምን መስፈርት እንደሚወስን አልተጻፈማ! ከተማው ያሸነፈ መሰለ።

በ2006 ቦርዱ ለሁለት ካዚኖዎች ፈቃድ ሰጠ፤ ሁለቱም በደላዌር ወንዝ ዳር፣ መኖሪያ ሰፈር አጠገብ። የከተማው ምክር ቤት «ከመኖሪያ ቤት በ1,500 ጫማ ውስጥ ካዚኖ ይከልከል ወይ?» ብሎ ሕዝቡን ሊጠይቅ ተነሣ። በ2007 ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ከድምፅ መስጫው አስወጣው። ምክር ቤቱ ነገሩን ሲያጓትት ደግሞ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ራሱ ለሹገርሃውስ መንገዱን ከፈተለት። በ2010 ሥራ ጀመረ።

ሁለተኛውስ? ፎክስዉድስ ሰፈርተኛው ሲቃወመው በ2008 ወደ ቻይናታውን አቅራቢያ ልዛወር አለ። እዚያም ሕዝቡ ተነሣበት። ጊዜው ነጎደ፣ ገንዘቡም ሳይሟላ ቀረ፤ በ2010 መጨረሻ ፈቃዱ ተሰረዘ።

ያው ከተማ፣ ያው ሕግ፣ ሁለት መጨረሻ። ስለዚህ ሰልፍ ከመውጣታችን በፊት ፊርማው የማን እንደሆነ እንጠይቅ፤ የዒሪያው ነው ወይስ የመንግሥት? ሥልጣኑ በእጃችን ባይሆንም፣ ቶሎ ተነሥቶ ሳይሰለቹ መቆም ዋጋ አለው።

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን።