ከመቅደላ የተወሰደው የጎንደር ልጅ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ላይ ብዙ ነገር ይዞ ወረደ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ታቦት፣ የብራና መጻሕፍት። ዘረፋውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ እንደነበር ይነገራል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ዕቃው በጨረታ ተሸጠ። አብሮ የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሰው በእጁ ገንዘብ ስለነበረው ከወታደሮቹ እየገዛ ሰበሰበ። ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት 350 ገደማ የመቅደላ ብራናዎች የዚያ ጊዜ ውጤት ናቸው።

ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ የመቅደላ አልነበሩም። የጎንደር ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎንደር ላይ ሲነሱ ከተማይቱ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ተጋዙ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ፣ መጻሕፍቱንም እዚያ ሊያኖሩ አስበው ነበር። ስለዚህ የጎንደር ብራና ሁለት ጊዜ ተወሰደ። መጀመሪያ በገዛ ንጉሡ፣ ቀጥሎ በባዕድ ጦር።

በዚሁ መንገድ የሄደ አንድ ሕፃንም ነበር።

የነጋድራስ እሸቴ ልጅ ወርቅነህ የተወለደው ጎንደር ነው፤ በ1858 ዓ.ም. አካባቢ። ቤተሰቡ ከጎንደር ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። አምባው ሲወድቅ ልጁ ሦስት ዓመት አልሞላውም ወይም ገና ሞልቶት ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። መኮንኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ ማለት ነው። ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ባይሸፍንለት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ህንድ ውስጥ ጠፍቶ ይቀር ነበር። የጎንደሩ ወርቅነህ ቻርልስ ማርቲን ሆኖ አደገ። የአባቱን ስም አያውቅም። የአገሩንም ቋንቋ አያውቅም።

ግን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። በህንድ መንግሥት ሥር በሐኪምነት ሠራ፤ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ የሙያ ፈቃዱን ከፍ አደረገ፤ ከዚያም በርማ ተመደበ። በዘመኑ ከኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ በዘመናዊ ሳይንስ እዚህ ደረጃ የደረሰ ሌላ ሰው አልነበረም። የሚያሳዝነው፣ ይህን አንድም ኢትዮጵያዊ አያውቅም ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል።

የመጀመሪያው፦ «እንግሊዞች ባይወስዱት ኖሮ ሐኪም አይሆንም ነበር፤ ዕድለኛ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው፦ «እንግሊዝ አሳድጎ፣ እንግሊዝ አስተምሮ፣ እንግሊዝ ጡረታ እየከፈለው የኖረ ሰው ምን ኢትዮጵያዊ ነው?» ይላል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ሁለቱንም ያፈርሳል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው አምባ፣ ሌላም ልጅ ተወስዷል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ እንግሊዝ ገባ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ አየችው፣ አዘነችለት፣ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች እንዲገባ ተደረገ። ከነጋድራሱ ልጅ ይልቅ እጅግ የበለጠ እንክብካቤ ያገኘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። ዊንድዘር ተቀበረ፤ አጽሙ እስካሁን እዚያው ነው። ኢትዮጵያ አጽሙን ጠይቃለች፤ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 የሰጠው መልስ ሌሎች የተቀበሩትን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው።

እንግዲህ «መወሰድ ዕድል ነው» የሚል ሰው የትኛውን ልጅ ይቆጥራል? የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ የሞተውን መተው ሒሳብ አይደለም። ወርቅነህ ሐኪም የሆኑት በመወሰዳቸው ሳይሆን፣ ከተወሰዱም በኋላ እየተማሩ በመትረፋቸው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርድ። ዶክተር ማርቲን በርማ ተቀምጠው ሳሉ የዓድዋ ዜና ዓለምን አዳረሰ። ጥቁር ሕዝብ የአውሮፓን ጦር አሸነፈ፤ አገሩም ኢትዮጵያ ይባላል። በእንግሊዝ ግዛት ውስጥ ደመወዝ፣ ማዕረግና የተረጋጋ ኑሮ የነበራቸው ሰው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ አያውቁም፤ ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ።

ወሬው ተሰማ። ከመቅደላ ልጅ የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት ወሬውን ሰምተው መጡ፤ አያታቸው ነበሩ። የጠፋው ልጅ ገላው ላይ የት የት ጠባሳ እንዳለው ተናገሩ። ጠባሳው እጃቸውና እግራቸው ላይ ተገኘ። ዶክተር ማርቲን ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸው እሸቴ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ስም በአንዲት አሮጊት ትዝታ ተመለሰ። መዝገብ አልነበረም፣ ደብዳቤ አልነበረም። ሰውነቱ ራሱ ነው የመሰከረው።

ይህ ሲነገር ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን መታወቅ ብቻውን አገር አይሰጥም። ለአበሻው ፈረንጅ ናቸው፤ አለባበሳቸው፣ አነጋገራቸው፣ ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው። ለእንግሊዙ ደግሞ ጥቁር ናቸው። ወደ በርማ ተመለሱ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአፄ ምኒልክ ዘመን እንደገና መጡ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አገቡ፤ እንደገና ሄዱ። ጠቅልለው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሁለት አገር መካከል ሲመላለሱ ቆዩ ማለት ነው። ከውጭ የሚመለስን ሰው «ለምን ቶሎ አልመጣህም» እያለ የሚወቅስ ሁሉ ይህን ሃያ ዓመት ቢያስታውስ ጥሩ ነው። መመለስ አንድ ቀን የሚፈጸም ነገር አይደለም።

ጠቅልለው ከገቡ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን የአንድ ሰው አይመስልም። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ነፃ ለወጡ ባሪያዎች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። አማርኛን በጎልማሳነት የተማረ ሰው ለአገሩ ልጆች ዓለምን በአማርኛ ሊያስረዳ ተነሣ። ከህንድ አስተማሪዎችንና ባለሙያዎችን አስመጡ። በመንገድ ሥራ ገቡ፣ በፍርድ ቤት ዳኝነት ተቀመጡ፣ በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ ሠሩ። «አዛዥ» የሚለው ማዕረግ የመጣው ከዚህ አገልግሎት ነው።

ለክርክሩ ዋናው ማስረጃ ግን የጣና ጉዳይ ነው።

እንግሊዝ የግብፅንና የሱዳንን ጥጥ የሚያጠጣው ውሃ ከየት እንደሚነሣ ጠንቅቃ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1902 ከአፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል በዓባይና በጣና ላይ ያለ ስምምነት ግድብ እንዳይሠራ አስፈርማ ነበር። በ1925 ደግሞ ከጣሊያን ጋር ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አንዱ የጣናውን ግድብ ሌላው የባቡሩን መስመር ሊደጋገፉ። ራስ ተፈሪ መኮንን ለመንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረቡ። ከዚያ ያደረጉት ግን ከክስ የበለጠ ነበር። ሌላ አገር ሄዶ የሚዋዋል ሰው ላኩ፤ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ኒው ዮርክ ገብተው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ድርጅት ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ዜናው ለንደን ሲደርስ ድንጋጤ ፈጠረ። የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ የነበረ፣ የእንግሊዝን ጡረታ የሚበላ ሰው፣ እንግሊዝ ከሁሉ በላይ በምትሳሳለት ውሃ ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ሊዋዋል ሄደ። በዚያው ጉዞ ሃርለም ገብተው ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኙ፤ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ግድቡ አልተሠራም፤ ጥናቱ ቢደረግም የጣሊያን ወረራ ቀደመ። ሆኖም «የእንግሊዝ ሰው ነው» ለሚለው ወሬ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ከጎንደር ዝቅ ብሎ የተኛውን ሐይቅ ለአገሩ ሊያስከብር የሄደው ከጎንደር የተወሰደው ልጅ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው ፈተና መጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ስትወር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው፣ እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ በሚናገር አንደበታቸው፣ አሳዳጊው መንግሥት ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የጣለውን ማዕቀብ እንዲያነሣ ለመኑ፣ ተከራከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ለንደን ሲደርሱ የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው።

እሳቸው በቃል ሲከራከሩ ልጆቻቸው በመሣሪያ ይከራከሩ ነበር። እንግሊዝ አገር የተማሩት ቤንጃሚንና ዮሴፍ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀመ ሲፈጅ ሁለቱም ተገደሉ። አባት በሦስት ዓመቱ ከወላጆቹ ተነጠለ፤ በሰባዎቹ ዕድሜው ደግሞ ሁለት ልጆቹን አጣ። ሁለቱም በባዕድ ጦር እጅ። ይህን ሕይወት «ዕድለኛ» ማለት ይከብዳል።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥረ መሠረት። አንድ የጎንደር ልጅ ሐኪም ለመሆን እስከ ላሆርና እስከ ስኮትላንድ መጋዝ የማያስፈልገው ዘመን የመጣው ያን ጊዜ ነው። እሳቸው አላዩትም።

ዛሬ ደግሞ ከዚያው ኮሌጅ የወጡ ሐኪሞች በየአገሩ ተበትነዋል። አንዳንዱ በጦርነት፣ አንዳንዱ በደመወዝ፣ አንዳንዱ በሁለቱም ምክንያት ሄዷል። ማንም እጃቸውን ይዞ ስላልወሰዳቸው ነገሩ ከመቅደላው ይለያል። ግን ወደ ኋላ ሲመለሱ የሚገጥማቸው ጥያቄ ያው የ1899 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ነው፦ አንተ የማን ነህ? አያቲቱ ይህን ጥያቄ የመለሱት በጥርጣሬ አይደለም። አማርኛህን አሳየኝ፣ እስካሁን የት ነበርህ፣ ጡረታህን ማን ይከፍላል አላሉም። መጥተው ጠባሳውን ፈለጉ።

ስለ መቅደላ ቅርስ መመለስ በተነሣ ቁጥር ስለ ዘውድና ስለ ብራና ይወራል፤ መወራቱም ተገቢ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ጉንጉን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የተመለሰው። የጎንደር መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው፤ የዓለማየሁ አጽም ዊንድዘር ነው። ከዚያ አምባ ከተወሰዱት መካከል ማንም ሳይጠይቅለት፣ መንግሥታት ሳይደራደሩለት፣ በገዛ እግሩ ተመልሶ የመጣው የነጋድራስ እሸቴ ልጅ ነው። መጻሕፍቱ በራሳቸው መምጣት አይችሉም። ሰው ግን ይችላል፤ የሚያውቀው ካገኘ።