መስታወት አጽጂዎችና የከፍታ ሥራ፦ ደኅንነት የሚወሰነው መሬት ላይ ነው

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው። ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ጎዳና በመካከሉ ያልፋል። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ የጉምሩክ ጣቢያና የጋራ መኖሪያ መንደሮች ተሰባስበውበታል። በበጋ ወራት የመንገዱ አቧራና የከባድ ተሽከርካሪዎች ጭስ በሕንፃዎቹ መስታወት ላይ ያርፋል። ይህን መስታወት ለማጽዳት መሰላል ላይ የሚወጡ፣ በገመድ የሚንጠለጠሉ ወይም ከመስኮት ጠርዝ ወደ ውጭ የሚዘረጉ ሠራተኞች በጥቂት ሰዓታት ሥራ ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ከፍታ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውንና 209 ሜትር የሚረዝመውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ለከባድ ጉዳት ግን ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግም። ከ3 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በ0.8 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ ፍጥነቱም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከ15 ሜትር፣ ማለትም ከጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ጣሪያ አካባቢ የሚወድቅ ደግሞ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ከመሬት ይጋጫል። በዚህ ቅጽበት የሰው ቅልጥፍናም ሆነ ልምድ ብዙ አይረዳም። የሚያድነው ከመውጣት በፊት የተደረገው ዝግጅት ነው።

መውጣት ግድ ነውን?

የከፍታ ሥራ ደኅንነት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከፍታን ማስቀረት፣ ካልተቻለ መውደቅን መከላከል፣ ያም ካልተቻለ የወደቀውን ሰው መሬት ሳይደርስ መያዝ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት መስኮት ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይጸዳል። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መስታወት ደግሞ ውኃ በሚረጭና ብሩሽ በተገጠመለት ረጅም ዘንግ ከመሬት ማጽዳት ይቻላል። ሆኖም የአሉሚኒየምም ሆነ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በከተማዋ መንገዶች ዳር የተዘረጉት መካከለኛ መስመሮች 15 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ በመሆናቸው፣ መስመር በሚያልፍበት አካባቢ ዘንግም ሆነ የብረት መሰላል ከማንሳት በፊት የኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 መጠየቅ ይገባል።

በመኖሪያ ቤቶች የተለመደው አደጋ የመስኮት ደፍ ላይ ቆሞ የውጭውን ገጽ ማጽዳት ነው። በሆንግ ኮንግ ከውጭ አገር የሚመጡ የቤት ሠራተኞች እየወደቁ በመሞታቸው፣ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በሥራ ውላቸው ላይ ግልጽ ክልከላ ተጨምሯል። በዚህም መሠረት ከምድር ቤት በላይ ያለ መስኮት ከውጭ የሚጸዳው የብረት ፍርግርግ ተገጥሞለት ሲቆለፍ ብቻ ነው፤ ከሠራተኛዋ ክንድ በስተቀር ሌላ የሰውነት ክፍል ከደፉ ውጭ መውጣት የለበትም። ይህ መመሪያ ለአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ሊሠራ የሚችል ነው።

መሰላልና የአቃቂ አፈር

መሰላል ለአጭር ጊዜና ለቀላል ሥራ ብቻ የሚውል መሣሪያ ነው። በየ4 ሜትር ከፍታው እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር መራቅ አለበት። የወጣው ሰው ሁለት እግሩና አንድ እጁ፣ ወይም ሁለት እጁና አንድ እግሩ ምንጊዜም ከመሰላሉ መለየት የለባቸውም። በአቃቂ ሜዳ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው አፈሩ ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጠዋት ጠንክሮ የነበረው መሬት የማጠቢያው ውኃ ሲፈስበት ይለሰልስና የመሰላሉ አንድ እግር ይሰምጣል። ስለዚህ ከመሰላሉ ሥር ሰፊና ጠንካራ ጣውላ ማንጠፍ፣ ላዩን ማሰር፣ ታች የሚይዝ ሰው ማቆም ያስፈልጋል።

ገመድና ቀበቶ

በገመድ የሚሠራ ሰው ሁለት ገመድ ያስፈልገዋል። አንዱ የሚሠራበት፣ ሌላው የመጀመሪያው ቢበጠስ የሚይዘው ነው። ሁለቱ በተለያዩ ቦታዎች መታሰር አለባቸው። የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ የዲሽ ምሰሶና የደረጃ መደገፊያ ለዚህ አይሆኑም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የመውደቅ መከላከያ ማሰሪያ በአንድ ሰው 5 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 2 ሺህ 270 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የሚጠይቀው፣ የሚወድቅ ሰው በድንገት ሲያዝ የሚፈጥረው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ነው።

በወገብ ብቻ የሚታሰር ሴፍቲ ቤልት የውስጥ አካልን ሊጎዳ፣ ሰውየውንም ሊያሾልክ ይችላል። ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን የሚይዘው ሙሉ ቀበቶ ግዴታ ነው። የ1.8 ሜትር ማያያዣ ገመድ የሚጠቀም ሰው፣ የኃይል መቀነሻው ሲዘረጋና የራሱ ቁመት ሲታከል ከማሰሪያው ሥር ከ5 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህ ከሌለ ቀበቶው ሳይዘው መሬት ይደርሳል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቀበቶና ገመድ ዳግም ጥቅም ላይ አይውልም።

በቀበቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደም በእግሮቹ ስለሚጠራቀም በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። በመሆኑም ማን እንዴት እንደሚያወርደው አስቀድሞ መወሰን አለበት። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛሉ። ሆኖም እነርሱ እስኪደርሱ መጠበቅ ብቻውን የማዳን ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስተምር፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ቀበቶ መግዛት የሠራተኛው ዕዳ አይደለም። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያሳጣውም። ጥፋት ባይኖርበትም አሠሪው ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም።

ብዙ መስታወት አጽጂዎች የማያስተውሉት ሌላ ነጥብም አለ። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ሕንፃውን በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ የሚያጸዳ ሰው፣ ቢወድቅ የሕክምናውም ሆነ የካሣው ጉዳይ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገር የቀበቶውን፣ የገመዱን፣ የረዳቱንና የመድን ወጪውን ማስላት አለበት። ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ በጊዜው ካላስወገደው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የማቋረጥ መብት አለው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ፣ ዝናብ ሲያካፋ ወይም ማሰሪያው ሲያጠራጥር ሥራው ለነገ ይተላለፋል። መስታወቱ አንድ ቀን ቆሽሾ ቢያድር የሚጎዳ ሰው የለም።