ሰማዩ ነጭ በነበረበት ዘመን

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ ነው። ስለዚህም ከወረታ ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ብሎ ለቆመ ሰው ጀንበር የምትጠልቀው በውሃው አቅጣጫ ነው። ጣና በሰፊው ቦታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚደርስ ማዶው ብዙ ጊዜ በጭጋግና በአቧራ ይሰወራል፤ ሰማይና ውሃም አንድ ይሆናሉ። ጀንበሯ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ አጋድላ ትገባለች።

ይህ ሁሉ ለዓይን የተመቸ፣ ለካሜራ ግን ከባድ ነው። ከላይ የሚነድ ሰማይ አለ፤ ከታች ብርሃን የሚውጥ ጥቁር መረሬ መሬት። የመስታወት ነጋቲቭም ሆነ ፊልም ሁለቱን እኩል አይቀበልም። ብርሃኑን ለሰማዩ የመጠነ ሰው መሬቱን ጥላሸት ያደርገዋል፤ ለመሬቱ የመጠነ ሰማዩን አንጥቶ ያጠፋዋል። በኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ፎቶ ታሪክ ለረጅም ዘመን ተሸናፊው ሰማዩ ነበር።

የኢትዮጵያን የፎቶግራፍ ታሪክ ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት ከቀዳሚዎቹ ፎቶ አንሺዎች መካከል ሄንሪ ስተርንን ይጠቅሳሉ። ስተርን ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ በ1850ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የመጣ ሚስዮናዊ ነበር። ከዚያ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመሐንዲሶች ክፍል የፎቶ ቡድን መጣ። የቡድኑ ዋና ሥራ ካርታና ንድፍ ማባዛት ቢሆንም፣ ጦሩ ያለፈበትን ተራራና ሸለቆ፣ ሰፈርና ሰው አንስቷል። ዘዴው አድካሚ ነበር፤ መስታወቱ ኮሎዲዮን ተቀብቶ፣ በብር ናይትሬት ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ወዲያው በጨለማ ድንኳን መታጠብ ነበረበት።

ከድካሙ የባሰው ግን የኬሚካሉ ጠባይ ነበር። ሰማያዊ ብርሃን ያቃጥለዋል፤ ቀዩን ፈጽሞ አያየውም ማለት ይቻላል። የቀን ሰማይ በፎቶው ላይ ባዶ ወረቀት መስሎ የሚወጣው፣ ያ ሁሉ የደጋ ዳመና የውሃ ሽታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ወደ ቀይ ሲያደላ ደግሞ ካሜራው ይታወራል። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየውን ሰዓት መሣሪያው ሊያየው አልቻለም። በፈረንሳይ ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ ላይ ለዚህ ችግር መላ አበጀ። ለባሕሩ አንድ፣ ለሰማዩ ሌላ ነጋቲቭ አንስቶ በአድማሱ መስመር ላይ አጋጥሞ አንድ ፎቶ አድርጎ አተማቸው። ዘማቹ ጦር ግን እንዲህ ላለው ጥበብ ጊዜም ምክንያትም አልነበረውም።

ገጣሚው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሐረር ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ያነሳቸው ፎቶዎች በማጠቢያው ውሃ መጥፎነት እንደነጡበት ጽፏል። በዚያ ዘመን ብርሃኑን በትክክል መመጠን ብቻ አይበቃም ነበር፤ ጉድጓዱና ምንጩም በፎቶው ላይ ድርሻ ነበራቸው።

ወደ ጣና ዙሪያ ካሜራ ይዘው የመጡት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የፈለጉት ሌላ ነገር ነው። ግራብሃምና ብላክ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ሐይቁን ያጠኑት ለግድብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሐይቁንና ዓባይን ለካርታ ሲል ተከታትሎ ውጤቱን በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ቀዩን ብርሃን ጭምር የሚያይ የመስታወት ነጋቲቭ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ገበያ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ምሽቱ የቀረው በመሣሪያ እጦት ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጡ። በወረራው ዘመን ከአየር ከተነሱት ፎቶዎች ከ8 ሺህ በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ቀጥታ ከላይ የታየ፣ ሦስት በሰያፍ የታዩ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ለካርታ ሠሪ ረጅም ጥላ እንቅፋት ነው፤ የጀንበር መጥለቂያ ሰዓት ለእሱ የሥራ ሰዓት አይደለም።

ሰማዩ ቀለሙን ይዞ የመጣው በቱሪዝም ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ የቀለም ፎቶ ዋና መሣሪያቸው ሆነ። ጎብኚው ከባሕር ዳርና ከጢስ ዓባይ ወደ ጎንደር ግንብ፣ ከዚያም ወደ ላሊበላና አክሱም ይወሰድ ነበር። በዚህ ጉዞ ፎገራ ታልፎ የሚኬድ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ግንብ የለው፣ ፏፏቴ የለው። ሜዳውን እንዲህ ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነበር፤ ምክንያቱም ለምሽት ፎቶ ከሕንፃ ይልቅ የሚያስፈልገው ክፍት አድማስና ብርሃን የሚመልስ መሬት ነው፤ ይህም በፎገራ በሽ ነው።

ብርሃን የሚመልሰው መሬት ደግሞ የገበሬው ሥራ ነው። ቀድሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ በዋናነት በስሙ የሚጠራው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። የዱር ሩዝ በረግረጉ ይበቅል ነበር፤ የሚታረሰው ሩዝ ግን በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ ማኅበራት ተጀመረ። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት።

ይህ የእርሻ ታሪክ የፎቶም ታሪክ ነው። ጥቁሩ መረሬ በክትር በተያዘ ውሃ ሲሸፈን የፎቶው የታችኛው ግማሽ ብርሃን አገኘ። ሰማይና መሬት በብርሃን መጠን ተቀራረቡ፤ ለ ግሬ በሁለት ነጋቲቭ ያደረገውን ውሃው በአንዴ ይሠራዋል። ካሜራው ወደ መሬት ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው ሰማዩን አብዝቶ ይመልሳል። ክትሮቹም ዓይንን ከፎቶው ግርጌ ይዘው ወደ አድማሱ ይመራሉ። የክረምቱ ዳመና ብዙ ምሽት ጀንበሯን ይጋርዳታል፤ መስከረም ላይ ሲበጣጠስ ግን ውሃው ገና ሜዳው ላይ ነው። ሩዙ ታጭዶ በቀረው እርጥበት ጓያ ሲዘራ ጨለማው መሬት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ለሰማዩ መጥኖ ከብቱንና እረኛውን እንደ ጥላ ማውጣት ይሻላል። ከብቱ ወደ በረት ሲነዳ የሚያስነሳው አቧራ ብርሃኑን ስለሚይዘው ጥቁር ገጽታቸው ደምቆ ይለያል።

ግን ውሃ ሁሉ ውበት አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ሩዝ ማሳ ላይ ያለውን ውሃ ቤት ከገባው ውሃ ሳይለይ ሁለቱንም በወርቃማ ብርሃን የሚያነሳ ባለካሜራ የአካባቢውን ሰው ይበድላል።

ሰዓቱም አጭር ነው። ወረታ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀንበር ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ክቧ አድማሱን ከነካች በኋላ ፈጽማ ለመሰወር ሁለት ደቂቃ ተኩል አይፈጅባትም። ከዚያ በኋላ ለፎቶ የሚበቃው ወገግታ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ለንደን ላይ በሰኔ ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ስለዚህ በአውሮፓ የተጻፈ የምሽት ፎቶ ምክር እዚህ ሲደርስ ይጣደፋል። ቦታው አስቀድሞ ተመርጦ፣ ብርሃኑ ከጀንበሯ ጎን ካለው ሰማይ ላይ ተለክቶ፣ አድማሱ ተስተካክሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። በስልክ የሚያነሳ ሰው ደማቁን ሰማይ በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርግ። የዛሬ ስልኮች ብዙ ምስል በቅጽበት አንስተው ያዋሕዳሉ፤ የለ ግሬ ዘዴ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

አሁን የፎቶው ታችኛ ግማሽ እንደገና እየተለወጠ ነው። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና የተስፋፋው እምቦጭ የፎገራን ዳርቻ ክፉኛ ነክቶታል። አረሙ የተኛበት ውሃ ሰማዩን አይመልስም፤ ምሽት ላይ ከመረሬው እኩል ይጨልማል። ብዙ ወፎች የሚያርፉባቸው የሸሸርና የወላላ ረግረጎችም በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል።

የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የመቅደላ ዘመቻ ፎቶዎች የተነሱበትን ቦታ ፈልገው ከ140 ዓመት በኋላ ዳግም አንስተዋል፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናትም የሰሜን ኢትዮጵያ መሬት ያኔም የተራቆተ እንደነበር፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ዛፍ እንደጨመረ አሳይተዋል። ይህን ማድረግ የቻሉት የቆሙበት ቦታ ከፎቶው ላይ ሊታወቅ ስለቻለ ነው። ጀንበርና ቀይ ሰማይ ብቻ ያለበት ፎቶ ለዚህ አይረዳም። በፎገራ ካሜራ የሚይዙ ወጣቶች የሰማዩን ቀለም ሲያነሱ ክትሩን፣ የሩዙን ጫፍ፣ የእምቦጩን ድንበር፣ በስተጀርባ የሚታወቅ ኮረብታ ካለም እሱን በፎቶው ውስጥ ያስገቡ፤ ቀኑንና ቀበሌውንም ከፎቶው ጋር ይጻፉ።