የኮሊንስ ጭዳነት ሲመረመር፦ ደ ቫሌራና የ1921 መመሪያ

ኤሞን ደ ቫሌራ በ1882 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ተወልዶ አየርላንድ፣ ሊመሪክ ገጠር አደገ፤ በ1916ቱ የፋሲካ ዐመፅ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ተረፈ፤ ኋላም አገሩን በጠቅላይ ሚኒስትርነትና በፕሬዚዳንትነት መራ። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ በ1921 መጸው ላይ ነው። ከእንግሊዝ ጋር ለሚደረገው ድርድር ራሱ ለንደን ሳይሄድ ከሚመራው ካቢኔ አርተር ግሪፊዝንና ማይክል ኮሊንስን ለምን ላከ?

ቲም ፓት ኩጋን በ1993 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ደ ቫሌራ በጁላይ ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሎይድ ጆርጅ ጋር አራት ጊዜ ተገናኝቶ ሪፐብሊክ እንደማይገኝ ስለተረዳ ኮሊንስን ጭዳ አደረገው። የፊተኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ኋለኛው ግን ኦክቶበር 7 ቀን ለልዑካኑ ከተሰጠው መመሪያ ጋር አይታረቅም።

መመሪያው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በዋና ጉዳዮች ላይ የመጨረሻ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ደብሊን ላሉት የካቢኔ አባላት ተልኮ መልስ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ሦስተኛው ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ሊፈረም የተዘጋጀው የስምምነት ረቂቅ ሙሉ ቃሉ እንዲቀርብና አሁንም መልስ እንዲጠበቅ ይላል። ሌላውን ጭዳ ለማድረግ ያሰበ ሰው ፊርማውን ለዚያ ሰው ለቆ እጁን ይታጠባል። ደ ቫሌራ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ራሱ ወደሚመራው ጠረጴዛ ጎተተው፤ ከነተጠያቂነቱ። ይህ ሰነድ በኩጋን ክርክር ውስጥ የሚገባውን ክብደት አላገኘም።

የሹመት ደብዳቤው ለልዑካኑ የመደራደርና የመዋዋል ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይሁን፤ የመመሪያው አንደኛ ነጥብም ይህንኑ ያረጋግጣል። ግን ግሪፊዝ ዲሴምበር 3 ቀን በካቢኔው ፊት ሰነዱን ሳያቀርብ እንደማይፈርም ቃል ሲገባ፣ መመሪያው እንደሚያስረው አምኗል ማለት ነው። ደ ቫሌራ ለንደን ሳይሄድ የቀረው በካቢኔው ውስጥ በራሱ ወሳኝ ድምፅ ነው የሚለውም እውነት ነው፤ የሚያሳየው ግን ደብሊን ሆኖ መወሰን መፈለጉን ብቻ ነው። በዲሴምበር 27 ቀን አሜሪካ ላለው ደጋፊው ለጆሴፍ ማክጋሪቲ የጻፈውን ማብራሪያ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ የተጻፈ በመሆኑ፣ ለማስረጃ አልቆጠርኩትም።

በዲሴምበር 5 ሌሊት ሎይድ ጆርጅ በጦርነት አስፈራራ፤ ልዑካኑም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፈረሙ። ደብሊን አልተጠየቀችም። ደ ቫሌራ በዚያች ሌሊት ሊመሪክ ስለነበር መጠየቁ ዋጋ አልነበረውም የሚሉ አሉ፤ መመሪያው ግን ሰነዱ እንዲቀርብ የሚያዝዘው ለካቢኔው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። የደ ቫሌራን የውስጥ ሐሳብ በእርግጠኝነት መናገር አይቻል ይሆናል። ከሦስት ቀን በኋላ ካቢኔው ስምምነቱን 4 ለ3 ሲቀበል ግን ከአራቱ ሦስቱ ለንደን ላይ የፈረሙት ራሳቸው ነበሩ፦ ግሪፊዝ፣ ኮሊንስና ሮበርት ባርተን።