አንጸባራቂ ሰደርያ፦ አጠቃቀሙና አደጋ ሲደርስ መደረግ ያለበት

አንጸባራቂ ሰደርያ (ብዙ ሰው ሪፍሌክተር የሚለው) በመንገድ ዳርና በግንባታ ቦታ የሚሠራ ወይም ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ለአሽከርካሪ ቀድሞ እንዲታይ የሚለብሰው ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ልብስ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ወደ ኮሪደር ልማት ከገባ ወዲህ፣ ብዙ ሰው ከገልባጭ መኪናና ከኤክስካቫተር አጠገብ ይውላል። የጽዳት ሠራተኞችም ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ ናቸው። ይህ መረጃ ለእነርሱና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው።

እንዴት ይሠራል?

ሰደርያው ሁለት ክፍል አለው፤ የሁለቱም ሥራ የተለያየ ነው።

• ደማቁ ጨርቅ፦ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ይለውጣል። ስለዚህ በቀን፣ ሰማዩ ሲደምንና ጎህ ሲቀድ ጎልቶ ይታያል። ጨለማ ውስጥ ግን ከሌላ ልብስ ብዙም አይሻልም።
• ብርማው ጥብጣብ፦ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሳል። ሌሊት የሚያድነው ይህ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ቀድሞ መታየት ሕይወት የሚያድነው ለዚህ ነው።

ሰደርያው የማይጠቅመው መቼ ነው?

ሰው ከተከለለ ቀለሙ አይታይም። በቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ በጉድጓድ ውስጥ ወይም በቆመ መኪና ኋላ ያለ ሠራተኛ ሰደርያ ቢለብስም አሽከርካሪው አያየውም። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች በድንኳን መሰል መሸሸጊያ ውስጥ የሚቀመጥ አዳኝ ብርቱካንማውን ልብስ መልበሱ ብቻ አይበቃውም፤ ከመሸሸጊያው ውጭ ከየአቅጣጫው የሚታይ ብርቱካንማ ምልክት እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድደዋል። ለእኛም ያው ነው፦ ከተከለሉ ምልክቱ (ኮን፣ ባንዲራ ወይም አንጸባራቂ ሪባን) ውጭ ይቀመጥ፤ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድም ከውጭ ሆኖ የሚጠቁም ሰው ይኑር።

ትክክለኛ አጠቃቀም

• ሰደርያውን ከላይ ይልበሱት፤ በጃኬት፣ በነጠላ ወይም በዝናብ ልብስ አይሸፍኑት።
• ከፊት ይቆልፉት። ክፍት ከሆነ ጥብጣቡ በደንብ አይታይም፤ በማሽንም ሊያዝ ይችላል።
• በእጅና በቁርጭምጭሚት ላይ ተጨማሪ አንጸባራቂ ማሰሪያ ቢኖር ይመረጣል። የሚንቀሳቀስ ምልክት ሰው መሆንዎን ቶሎ ያሳውቃል።
• በአቧራና በሲሚንቶ የቆሸሸ ሰደርያ አያንጸባርቅም። በቀስታ ይጠቡት፤ በረኪና አይጠቀሙ። ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ጥብጣቡ ከተላላጠ ይቀየር።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ልብስ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ መጠቀም ደግሞ የሠራተኛው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምና ወጪም በአሠሪው ይሸፈናል። ስለዚህ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በካርድዎ ላይ ይመዝገብ።

በመኪና የተመታ ሰው ሲያጋጥምዎ

1. መጀመሪያ ራስዎ እንዳይመቱ መኪናዎችን ያስቁሙ።
2. ወደ 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም ወደ 939 (የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ) ይደውሉ።
3. እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር ተጎጂውን አያንቀሳቅሱት፤ አንገቱ እንዳይዞር ይያዙለት።
4. የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑት።
5. ውሃም ሆነ ምግብ አይስጡት፤ ብርድ እንዳይመታው ያልብሱት።

«ደህና ነኝ» ቢልም ይመርመር

ተመትቶ የተነሣ ሰው በድንጋጤ ሕመሙን ላያውቀው ይችላል። የጭንቅላትና የሆድ ውስጥ መድማት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። በቀጣዮቹ ቀናት የሚከተሉት ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፦

• እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት
• ያልተለመደ እንቅልፍ፣ መዘባረቅ ወይም መንቀጥቀጥ
• ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ
• የሆድ ሕመምና መነፋት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት
• ትንፋሽ ማጠር

ወደ ወጌሻ ከመሄድዎ በፊት

ስብራት ከተጠረጠረ መጀመሪያ ራጅ ይነሡ። የተሰበረን አጥንት ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ በጠባቡ ማሰር ደግሞ ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እጅን ወይም እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ ማሰሪያውን ወዲያው አላልተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ነገር ነው፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።