ጠብታ መብራት ያበራል ወይ?

ሐምሌ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እርስ በርስ እንኳ መሰማማት አቅቶናል። የላፕቶፔ ባትሪ 9 በመቶ ላይ ደርሷል፤ ነገ የማስረክበው ሥራ አለኝ። በመስከረም 12ኛ ክፍል የሚገባው ታናሽ ወንድሜ ሻማ አብርቶ ፊዚክስ ያነባል። ድንገት ስልኩን አምጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ከፍ ካለ ቦታ አንዲት የውሃ ጠብታ ትወድቃለች፣ 100 ትንንሽ አምፖሎች ብልጭ ይላሉ።

«ይሄ ሁሉ ዝናብ እኮ በከንቱ እየፈሰሰ ነው» አለኝ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ለምን አትሠራልንም?»

«እሠራልሃለሁ» አልኩት። ቃሉ ካፌ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዲግሪዬን ስይዝ የካፓሲተር ቀመር በቃሌ አውቅ ነበር። ቻርጅ ግን ከየት እንደሚመጣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ኮድ ነው። ስለዚህ እንደማንኛውም ዴቨሎፐር ባግ ስፈልግ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ነገሩን መጀመሪያ የሠራው ማነው?

መልሱ 1867 እ.ኤ.አ. ላይ አደረሰኝ። የእንግሊዝ ጦር ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ለመግጠም ዙላ ላይ መውረድ የጀመረበት ዓመት ማለት ነው። በዚያው ዓመት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊሊያም ቶምሰን (ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) ከጠብታ ኤሌክትሪክ የሚሰበስብ መሣሪያ ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሰውየው ቤልፋስት ተወልዶ በ22 ዓመቱ ፕሮፌሰር የሆነ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስን ባቋረጠው የቴሌግራፍ ገመድ ላይ በሠራው ሥራ 1866 ላይ የ«ሰር» ማዕረግ አግኝቷል።

የሚገርመው፣ ቶምሰን መነሻው መብራት ማብራት አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አየሩ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ መለካት ፈልጎ ነበር። ከመሬት የተነጠለ የውሃ ዕቃ አስቀምጦ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ያንጠባጥበዋል። እያንዳንዷ ጠብታ ስትለይ ትንሽ ቻርጅ ይዛ ትሄዳለች፤ በመጨረሻ ዕቃው ከውጭው አየር ጋር ይስተካከላል። ማለትም ጠብታዋ መጀመሪያ የመለኪያ መሣሪያ ነበረች። የ1867ቱ ሐሳብ፣ ጠብታዋ የምትወስደው ቻርጅ ተመልሶ ራሱን እንዲያባዛ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ዕቃ ውሃ በሁለት ቦታ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ የጠብታ መስመር በአንድ የብረት ቀለበት መሐል አልፎ ከታች ጣሳ ውስጥ ይገባል። ዋናው ተንኮል ሽቦው ላይ ነው፤ የግራው ቀለበት ከቀኙ ጣሳ፣ የቀኙ ቀለበት ከግራው ጣሳ ጋር ይያያዛል። እንበልና የግራው ቀለበት በአጋጣሚ ቅንጣት ያህል ፖዘቲቭ ሆነ። ቀለበቱ በውሃው ውስጥ ያለውን ኔጌቲቭ ወደ ራሱ ይስባል፤ ስለዚህ እዚያ የምትቆረጠው ጠብታ ኔጌቲቭ ይዛ ትወርዳለች። የግራው ጣሳ ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ነው። እሱ የተያያዘው ከቀኙ ቀለበት ጋር ስለሆነ ቀኝ በኩል ፖዘቲቭ ጠብታ ይወርዳል። ያ ደግሞ የግራውን ቀለበት ይበልጥ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ክቡ ተዘጋ፤ ራሱን የሚመግብ ሉፕ ነው። ከምንም ከማይባል ልዩነት ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይደርሳል። ጉልበቱ የሚመጣው ከመሬት ስበት ነው፤ ጠብታዋ ቻርጅ የሞላውን ጣሳ ግፊያ እየተቋቋመች ትወድቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ሁለት የቲማቲም ጣሳ፣ ሁለት የጉሉኮስ ቱቦ፣ ከጣሳ የተቆረጠ ቀለበት፣ የመዳብ ሽቦ፣ ከሥር ደግሞ የፕላስቲክ ሳህን። ውሃውን ለቀቅነው። ምንም የለም። ሽቦውን ቀያየርነው፣ ቀለበቱን ከፍ ዝቅ አደረግነው፤ ምንም። እማዬ በበሩ ብቅ ብላ «ውሃውን አትጨርሱት፣ ነገ ላይመጣ ይችላል» ብላ ሄደች። ወንድሜ ምንም አላለም። ዝምታው ግን ከበደኝ።

ባጉ የት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እርጥበት። አየሩና ፕላስቲኩ ሲረጥብ ቻርጁ ተሰብስቦ ሳያልቅ ሾልኮ ይጠፋል። በውሃ የሚሠራው ማሽን ክረምት አይስማማውም! ለዝናብ ያሰብነው ነገር በዝናብ ጊዜ እምቢ አለ።

እስከዚያው ሂሳቡን ሠራሁ። መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝ እሱን ነበር። የስልክ ባትሪ ወደ 55,000 ጁል ይይዛል። 1 ሊትር ውሃ ከ1 ሜትር ሲወድቅ የሚሰጠው 9.8 ጁል ነው። ምንም ሳይባክን፣ አንድ ስልክ ለመሙላት 5,600 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አምስት ተኩል ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከ1 ሜትር መውደቅ አለበት።

ቪዲዮውስ? ውሸት አይደለም። 2020 ላይ የሆንግ ኮንግ ሲቲ ዩኒቨርሲቲው ዋንግ ዙዋንካይና ባልደረቦቹ «ኔቸር» ላይ ያወጡት ሥራ ነው። ምግብ እንዳይዝ መጥበሻ ላይ የሚለበጠው ቴፍሎን ጠብታ በተደጋጋሚ ሲያርፍበት ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ጠብታዋ ተዘርግታ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ስታገናኝ ያ ቻርጅ በቅጽበት ይንቀሳቀሳል። ከ15 ሴንቲሜትር የወደቀች ጠብታ ከ140 ቮልት በላይ ሰጠች፤ አምፖሎቹም በሩ፤ ለቅጽበት። የዚያች ጠብታ ጠቅላላ ጉልበት 0.00015 ጁል ያህል ነው። ቮልቱ ትልቅ፣ ጉልበቱ ኢምንት። በእሷ ስልክ ለመሙላት፣ ምንም ባይባክን እንኳ፣ ከ360 ሚሊዮን በላይ ጠብታ ያስፈልጋል።

ግድብ ይህን ችግር የሚፈታው ውሃውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ከከፍታ በብዛት በመልቀቅ ነው። 145 ሜትር ቁመት ያለው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ጣሪያ ያንን አይሆንም።

ኅዳር ላይ፣ ደረቅ ምሽት፣ ጣሳዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣኋቸው። መብራቱን ራሴ አጠፋሁት። ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠብታዎቹ ቀጥ ብለው መውረድ ትተው ወደ ጎን መበተን ጀመሩ፤ ጣሳው ገፋቸው። የኤሌክትሪሺያን ቴስተር አስጠጋሁ። ቀይ ብልጭታ። ከዚያ እንደገና።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ስልክ አይሞላም፣ አይደል?»

«አይሞላም። ሐምሌ ላይ ሳላሰላ ነው ቃል የገባሁልህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ቴስተሩን ከእጄ ወሰደው። «እሺ፣ አንዱን ሽቦ ብንነቅለውስ ምን ይሆናል?»

ነቀልነው። ብልጭታው ቆመ፤ ጠብታው እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይወርድ ጀመር። መልሶ አገናኘውና መቁጠር ጀመረ። እኔ ሮቶው እንዳያልቅ እያየሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ።