ክቬቭሪ
ክቬቭሪ የጆርጂያ የገጠር ቤተሰቦች የወይን ጠጅ የሚጥሉበት፣ እስከ አፉ መሬት ውስጥ የሚቀበር የእንቁላል ቅርጽ ያለው ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል። በተለይ በካኬቲ አውራጃ የተጨመቀው ወይን ከነልጣጩ፣ ከነዘሩና ከነዘለላው እንጨት ይጨመርበታል። በተፈጥሯዊ መንገድ የሚያመርቱ ቤተሰቦች ተክሉን ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ አይረጩትም፤ እርሾም አይገዙም፣ ፍሬው ይዞት በመጣው እርሾ ይፈላል። ፍላቱ ሲበርድ ጋኑ ተከድኖ ይታሸግና ከ5 እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ሙቀቱን አፈሩ ይጠብቅለታል። ርካጺተሊ ከተባለው ነጭ ወይን የሚገኘው መጠጥ የሻይ ቀለም አለው፤ አፍ ስለሚያኮማትር ለስላሳ ወይን የለመደ ሰው ቶሎ ላይወደው ይችላል። አድካሚው እጥበቱ ነው፤ ትልቁን ጋን ለማጽዳት ሰው ውስጡ ይገባል። ዩኔስኮ ዘዴውን በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።